ለግማሽ ቀን ዕረፍትም አንድ ጥግ ይሰጠው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የመዝናኛ ገጻችሁን ዘወትር እናነባለን። በየሳምንቱ የሚቀርበው የሐይቅ ዳር ሆቴል፣ የፍል ውሃ መዝናኛ፣ የሁለትና የሦስት ቀን ጉብኝት ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ቢሮና ሱቅ ውስጥ የሚውል አንባቢያችሁ እንዲህ ያለ ቦታ የሚደርሰው ቢቀናው በዓመት አንዴ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚፈቅደው 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ከዚህ ላይ ሠርግና ለቅሶ፣ የልጅ ሕመም፣ ወደ ወላጆች አገር የሚኬድበት ቀን ሲነሣ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያው አዋጅ ግን በየሰባት ቀኑ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍትም ይሰጣል። ስለዚህ ጊዜ አጠቃቀም የሚጽፍ ሰው አላየንም፤ እኛም ብዕር ያነሣነው ለዚሁ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ሠራተኞችን ይዘን የእግር ጉዞ የምንመራ ሰዎች ነን። የግማሽ ቀን መውጫ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ልክ ማወቅን ነው። ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚቆርጠው ቦታውን ነው። «እሑድ እንጦጦ እንውጣ» ይባላል፤ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ የሚናገር የለም። አንዱ ይዘገያል፣ ሌላው ቁርስ ልብላ ይላል፣ አራት ሰዓት ላይ ይነሣሉ፤ ጫፍ ሳይደርሱ አይመለሱምና ቤታቸው የሚገቡት ማታ ነው። ልብሱ አልታጠበም፣ ለሰኞ የተዘጋጀ ነገር የለም፣ እግርም ዝሏል። እንዲህ የወጣ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቆረጠው የመመለሻው ሰዓት ይሁን። «አምስት ሰዓት ላይ የትም ብንሆን ፊታችንን እናዞራለን» ብሎ አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ፤ ሌላው ሁሉ ለዚያ ይገዛ። ጫፉ ጋራው ላይ ነው፤ የትም አይሄድም፤ ለሚቀጥለው ይደረሳል።

ለምሳሌ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን መንገድ እንውሰድ፤ ለከተማው ሠራተኛ ከዚህ የቀረበና የረከሰ ጋራ የለምና። ከአራት ኪሎና ከፒያሳ በታክሲ ሽሮ ሜዳ ይደረሳል። ከዚያ ሽቅብ ነው። መሐል ከተማው ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጋራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚመሩበት የቆየ ስሌት አለ፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ለዋለ ሰው በተገኘው ላይ ሲሶ ይጨመርበት። ለመውጣት ሁለት ሰዓት፣ ላይ ለመቆየት አንድ ሰዓት፣ ለመውረድ አንድ ሰዓት ተኩል ብለን እንመድባለን። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ የተገኘ ሰው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቤቱ ታክሲ ይይዛል።

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። ከታክሲ ወርዶ በከተማ እርምጃው ዳገቱን ይጀምራል፤ ብዙም ሳይሄድ ልቡ ይመታል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ቀሪውን መንገድ እየተቆራረጠ ይገፋዋል። በ3,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። የለመደው አይሰማውም፤ ያለመደው ግን በፍጥነቱ ይከፍላል። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሄዱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆረጥ መናገር መቻል። ቃል ከተቆረጠ እርምጃው ይቀንስ፤ መቆም ግን አያስፈልግም። ዕረፍት በየ45 ደቂቃው አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ የተቀመጠ ሰው ላቡ ይበርድበታል፣ ጡንቻው ይይዘዋል።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ካለ በመጣ ማግስት ይዛችሁት አትውጡ። ሁለት ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ ይራመድ፣ ውሃ ይጠጣ፤ ራስ ምታቱ ካለፈ በኋላ ቢወጣ ይደሰትበታል። የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ዳገቱን አይሞክር። እንዲህ ያለው ሰው በታክሲ ላይ ድረስ ወጥቶ ሜዳማውን ብቻ ቢራመድ ከአየሩም ከጥዱም ሽታ ድርሻውን ያገኛል።

ስለ ጫማ በሰፊው ብንጽፍ አይፈረድብን፤ ለጉዞ መበላሸት ከሁሉ በላይ ምክንያት እሱ ነው። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አይከፈትም፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቢሮ ይደረግ። ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን፤ የተላጨ ስኒከር ለአስፋልት እንጂ ለቁልቁለት አይሆንም። እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠልና ፍሬ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ፍሬው ከእግር ሥር እንደ ሽምብራ ይንከባለላል፣ ሰው የሚወድቀውም ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ሲወርዱ የጫማውን ክር የመጨረሻው ቀዳዳ ድረስ አስገብቶ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ እግር ወደፊት ይንሸራተትና የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል። ጥፍር ዓርብ ማታ ይቆረጥ። እርምጃ ይጠር፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ። ቀጥ ባለ ጉልበት ረጅም እየተራመደ የወረደ ሰው ማክሰኞ ድረስ ደረጃ መውረድ ይቸግረዋል። ተረከዝ ወይም ጣት አካባቢ ትኩሳት ሲሰማ ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው፤ «እስክንደርስ» ያለ ሰው እግሩ ውሃ ይቋጥራል፣ ከቋጠረ በኋላ የሚለጠፈው ፕላስተር ብዙም አይረዳም።

ላይ ስትደርሱ ከመሐል ከተማው በአራት ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ ሲታከልበት ልዩነቱ የሰፋ ይመስላል። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ አንድ ደረቅ ካኒቴራ ይኑር። እንደ ደረሱ እርጥቡን አውልቆ ደረቁን መልበስ፣ ከላዩ ሹራብ መደረብ ነው። በላብ እንደራሰ ነፋስ ላይ የተቀመጠ ሰው በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ጥፋቱንም በጋራው ላይ ያሳብባል። ኮፍያ ለፀሐዩም ያስፈልጋል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረር ይበረታል፣ ደመና ባለበት ቀንም ቆዳ ይቃጠላል።

ውሃ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል በኮዳ። ስንቅን በተመለከተ ከሱቅ ብስኩት ይልቅ በሶን እንመርጣለን። ለሁለት ሰው ሁለት የሻይ ብርጭቆ የበሶ ዱቄት፣ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት፣ ቁንጥጫ ጨው፤ የሚወድ ሚጥሚጣ ይነስንስበት። ዘይቱ ዱቄቱን ሁሉ እስኪነካው በእጅ ከታሸ በኋላ ውሃ በማንኪያ እየተጨመረ ይለወሳል። በመጨበጥ ቅርጹን ሲይዝ ይበቃል፤ ጭብጦ ሆነ ማለት ነው። ውሃው ቀድሞ ከገባ ወይም ከበዛ ሊጥ ይሆንና ቦርሳ ውስጥ ይጣበቃል። በፍስክ ቀን በዘይቱ ፋንታ የተነጠረ ቅቤ ሲሆን ጭኮ ይሆናል፤ ዳገት ሳይጀመር ግን ብዙ አይበላ። ቆሎ ከለውዝ ጋር ለመንገዱ ጥሩ ነው፤ ሻይ በፔርሙስ ይያዝ። እሳት ማንደድ አይታሰብም። ባሕር ዛፍ ዘይት ያለው ዛፍ ነው፤ በበጋ ደረቅ ቅጠሉ ላይ የወደቀ ፍም ጋራውን ያነዳል።

ክረምት ላይ የሚወጣ ሰው ሰማዩን ይወቅ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በክረምት የቅዳሜ ከሰዓት መውጫ ቀርቶ የእሑድ ጠዋቱ ይያዝ። ነጎድጓድ ሲመጣ መብረቁን ካያችሁ ጀምሮ ድምፁ እስኪደርስ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከሠላሳ በታች ከሆነ ከጋራው ጫፍ ወደ ሸለቆው በኩል መውረድ፣ ብቻውን ከቆመ ረጅም ዛፍ መራቅ ነው፤ ቤት ወይም መኪና ከተገኘ እዚያ መግባት። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ቀዩ አፈር ያንሸራትታል፤ አቋራጩን ትቶ በአስፋልቱ መውረድ ይሻላል። ወሩን መምረጥ የሚችል ሰው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ይውጣ፤ አየሩ ታጥቦ ከተማው እስከ ጥግ ይታያል፣ አደይ አበባውም ገና አልረገፈም።

የቅዳሜ ከሰዓቱ ጉዞ ለጀማሪ ይቀላል፤ በታክሲ ወጥቶ በእግር መውረድ። በስድስት ሰዓት ከሥራ የወጣ ሰው ምሳውን ቀለል አድርጎ በልቶ ሰባት ተኩል ላይ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚሄድ ታክሲ አለ። ከማርያም ወደ ራጉኤል ያለውን ወገን በዝግታ ሲራመድ ቆይቶ አሥር ሰዓት ላይ መውረድ ይጀምር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ማንም ደን ውስጥ መኖር የለበትም። በኅዳር ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በሐምሌ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ብርሃን አለ፣ ደመናው ግን ቀድሞ ያጨልመዋል። ጅቡ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ከጅቡ ይልቅ የሚያሠጋው ግን ስልክና ቦርሳ የሚቀማ ሰው ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሆኖ፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ፣ ስልክን ኪስ ውስጥ አድርጎ መሄድ። ብቻዋን የምትወጣ ሴት ካለች በወሩ 21 ቀን ጠዋት ብትሄድ እንመክራለን፤ የማርያም ዕለት ነውና መንገዱ በምእመናን ይሞላል። ጸጥታ የሚፈልግ ደግሞ ያንን ቀንና 16ን፣ የኪዳነ ምሕረትን፣ ይለፋቸው፤ የታክሲው ሰልፍም ረጅም ነው።

ላይኛው መንገድ የሰው መኖሪያና የጸሎት ቦታም ነው። ጠበል ለሕመማቸው የመጡ ሰዎች አሉ፤ ካሜራ አይወጣባቸው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲመጡ መንገዱን ሙሉ ለሙሉ መልቀቅ ይገባል፤ ያን ሸክም ይዞ ቁልቁለት ላይ መቆምና እንደገና መነሣት ከባድ ነው። ልምምድ ለሚሮጡ አትሌቶችም እንዲሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው፤ ቤተ መንግሥታቸውም አጠገቡ ነው። ከጥዱ ይልቅ ባሕር ዛፍ በዝቶ የምታዩትም በእሳቸው ዘመን የማገዶ እጥረቱን ለማቃለል ከውጭ ገብቶ ስለተተከለ ነው። ዛሬ ከባሕር ዛፉ መሐል ጥድ፣ ወይራና ኮሶ እየፈለጉ መለየት ለልጆች ጥሩ ሥራ ነው፤ እግራቸው የደከመውን ዓይናቸው ያስረሳቸዋል።

ልጆችን ካነሣን፣ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ግማሹን መንገድ ይችላል፤ መመለሻውም በእሱ እግር ይቆረጥ። አባወራ ብቻውን ጓደኞቹን ይዞ የሚወጣበት ቤትም አለ። እሱ ጋራ ላይ ሲያርፍ እናት ልብሱን፣ ወጡንና ልጆቹን ብቻዋን ትይዛለች፤ የእሷ ቅዳሜ ከሥራ ቀን ይከብዳል። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንዱ ቢወጣና ሌላው ቤት ቢውል፣ በቀጣዩ ተራ ቢለዋወጡ ሁለቱም ያርፋሉ። ቀኑም ዕድር፣ ዕቁብና ማኅበር ከሌለበት ሳምንት ጋር አስቀድሞ ይገጠም። ለቅሶ ሲመጣ ጉዞው ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ ግን ልማዱ ይጠፋልና በሚቀጥለው ሳምንት አጭሩም ቢሆን ይደረግ።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች፣ በረመዳንም የሚጾሙ ሙስሊሞች ዳገቱን ይተዉት። ያለ ውሃ ሁለት ሰዓት ሽቅብ መውጣት ራስ ያዞራል። በእነዚያ ሳምንታት ሜዳማ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት መራመድ ይበቃል፤ ለጿሚ ሙስሊም ከማፍጠሪያው በፊት ያለው ሰዓት ነፋሻና የተመቸ ነው።

ቅዳሜም እሑድም ለሌለው፣ ለሱቅ ሠራተኛና ለጥበቃ፣ የምሳ ሰዓቱ አለ። ከስልሳው ደቂቃ ሃያው ለምሳ ዕቃው፣ ሠላሳው ለእግር፣ አሥሩ ተመልሶ ፊት ለመታጠብ። መብላቱ ከእግር ጉዞው በኋላ ቢሆን ሆድ አይከብድም፤ በልቶ መሄድ ግድ ከሆነ ምሳው ይቅለል። ዋናው መንገድ ዳር ጭሱ የሚከፋው በዚያው ሰዓት ነው፤ ትይዩ ያለውን የውስጥ መንገድ ፈልጉ። ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ ባለው መስመር የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ አምስት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ የሚሠራ ሰው የሙዚየሞቹ ቅጥር ግቢ አለለት። የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ዛፍና ጸጥታ አለው፤ እዚያ ግን አይበላም፣ በስልክ አይወራም። በየቀኑ ያው መንገድ ከተደጋገመ እሱም ሥራ ይሆናል። ሦስት መንገድ ይዞ ማፈራረቅ፣ ማታ ደግሞ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይቻላል።

የሥራ ስልክስ? ዓርብ ከሰዓት ለአለቃና ለሥራ ባልደረባ «እሑድ እስከ ሰባት ሰዓት ስልክ አላነሣም፤ አስቸኳይ ካለ እገሌ ጋ ደውሉ» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ሳይናገሩ ስልክ ማጥፋት ጭንቀቱን ጋራው ላይ ይዞ መውጣት ነው፤ በየአሥር ደቂቃው እየተከፈተ ይታያል።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን ነው። በየሁለት ሳምንቱ የጋዜጣችሁ ሩብ ገጽ ለአንድ የግማሽ ቀን መንገድ ይሰጥ። ፎቶው አንድ ይበቃል። መውጣት ያለበት ግን ይህ ነው፦ ታክሲው ከየት እንደሚነሣና የመጨረሻው መቼ እንደሚመለስ፤ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፤ ሽቅቡ ስንት እንደሆነ፤ ውሃና መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ፤ በክረምት ይኬድ እንደሆነና በስንት ሰዓት ፊት እንደሚዞር። መጸዳጃውን አትርሱ፤ ብዙ ሴቶች ጉዞ የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው፣ ለመናገር ግን ያፍራሉ። በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ብትጀምሩ መንገዱ ከእንጦጦው የተሻለ ለስለስ ያለ ነው። ሙሉ ቀን የሚጠይቀውን የመናገሻ ሱባን ጥንታዊ የጥድ ደን ለበዓል ሳምንት አቆዩት፤ ከከተማ የሚያስወጣ ጉዞ ሲሆን የመንገዱ ሁኔታ በዚያው ሳምንት ተጠይቆ ይጻፍ፣ የዱሮው መረጃ አይደገም።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት መንገዶች እኛው በእግራችን ለክተን፣ ሰዓቱንና መጸዳጃውን አረጋግጠን ያለ ክፍያ ልንልክላችሁ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የእግር ጉዞ መሪዎች፣ አዲስ አበባ